ከመንደርደሪያው 2 ኪሎ ሜትር ላይ ላለ ቤት የአውሮፕላን ድምፅ በምን ይቀንሳል?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «ቤታችን አዘዞ በኩል ነው፤ ከጎንደሩ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ መንደርደሪያ ሰሜናዊ ጫፍ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በረራው በቀን ጥቂት ነው። ግን አንዱ ሲነሣ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፣ የተኛ ሕፃን ይባንናል፣ ጎረቤት ባለው ትምህርት ቤት መምህሩ ንግግሩን ያቋርጣል። ሌላ አገር ያሉ ኤርፖርቶች ምን ያደርጋሉ? እዚህስ ምን ይቻላል? ሰፈራችንን በባህር ዛፍ ብንከበው ይረዳል?»

ባህር ዛፉን አይትከሉ። ምክንያቱን ወደ በኋላ እመጣበታለሁ፤ ችግኝ እያዘጋጁ ከሆነ ግን ከወዲሁ ይወቁት። የቀረው መልስ ረዘም ይላል። በሰፊው የሚወራላቸው መላዎች አብዛኞቹ ከመንደርደሪያው 2 ኪሎ ሜትር ላይ ላለ ቤት የሚሰጡት ጥቅም ትንሽ ነው። ብዙ የማይወራላቸው ሁለት ሦስት ነገሮች ናቸው ትልቁን ለውጥ የሚያመጡት።

እነዚህን ለመለየት ለእያንዳንዱ መላ «ስንት ዲሲቤል ይቀንሳል?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ዲሲቤል እንደ ኪሎ አይደመርም። የድምፁ ጉልበት እጥፍ ሲሆን ቁጥሩ የሚጨምረው 3 ብቻ ነው፤ ጆሮም ያን ያህሉን በጭንቅ ነው የሚለየው። ጆሮ «እጥፍ ሆነ» ወይም «በግማሽ ቀነሰ» የሚለው ልዩነቱ 10 ዲሲቤል ሲደርስ ነው። ከምንጩ ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን ደግሞ 6 ዲሲቤል ገደማ ይወርዳል። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ከያዙ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ራስዎ ማስላት ይችላሉ።

«በረራው በቀን ጥቂት ነው» ያሉት ቀላል ነገር አይደለም፤ ቅሬታ ይዘው ሲሄዱ የሚገጥምዎ የመጀመሪያው እንቅፋት እሱ ነው። አብዛኛው ደንብ የሚለካው አማካይ ድምፅ ነው። አንድ አውሮፕላን ሲያልፍ የሚያፈሰው ጠቅላላ የድምፅ ጉልበት በአንድ ሰከንድ ተጠቅልሎ ሲለካ 90 ዲሲቤል ነው እንበል። እንዲህ ያሉ 4 በረራዎች በ16 ሰዓት ላይ ሲደለደሉ አማካዩ 48 ዲሲቤል ይሆናል። በአገራችን ለመኖሪያ ሰፈር የተቀመጠው ደረጃ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ነው። ስለዚህ ቀን ቀን የሰፈርዎ አማካይ ከደረጃው በታች ሆኖ ይታያል። ሆኖም እያንዳንዱ አውሮፕላን ሲያልፍ ከፍተኛው ድምፅ 80 ዲሲቤል ሊደርስ ይችላል፤ መምህር በተለመደ ድምፁ ሲናገር አንድ ሜትር ላይ የሚሰማው 60 እና 65 መካከል ስለሆነ ንግግሩ ይዋጣል። በዚያው ሰማይ 400 በረራ ቢያልፍ አማካዩ 68 ይሆን ነበር። አማካይ ለትልልቅ ኤርፖርቶች የተሠራ መለኪያ ነው፤ እንደ ጎንደር ላለው ግን የእያንዳንዱ በረራ ከፍተኛ ድምፅና የበረራው ቁጥር አብረው መቅረብ አለባቸው። ስለ ሰፈርዎ የጥናት ሪፖርት ቢቀርብልዎ መጀመሪያ ይህ መኖሩን ይመልከቱ።

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (ኢካኦ) በ2001 እ.ኤ.አ. ጉባኤው የተቀበለው አካሄድ አራት መንገዶችን ይዟል፤ ድምፁን ከአውሮፕላኑ ከራሱ መቀነስ፣ በማረፊያው ዙሪያ ያለውን መሬት በፕላን መያዝ፣ የአነሣስና የአስተራረፍ ሥርዓትን ማስተካከልና በመጨረሻ በረራን በሰዓት ወይም በዓይነት መገደብ ናቸው። ገደቡ መጨረሻ የተቀመጠው ሦስቱ ተሞክረው ካልበቁ ብቻ እንዲመጣ ነው። ለንደን ሂትሮው የሌሊት በረራን በኮታ ይሰፍራል፤ ፍራንክፈርት ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሌሊቱ 5 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት መደበኛ በረራን ዘግቷል፤ ሲድኒ ከሌሊቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በሕግ ተገድቧል። ችግርዎ የቀን በረራ ስለሆነ ይህ ለእርስዎ ብዙ አይረዳም።

አውሮፕላኑ ራሱ ጸጥ እያለ መጥቷል። ከጄት ሞተር ኋላ የሚወጣው አየር የሚያሰማው ድምፅ ከአየሩ ፍጥነት ጋር በስምንተኛ ደረጃ ያድጋል፤ ፍጥነቱን ትንሽ መቀነስ ድምፁን በብዙ ይቀንሳል ማለት ነው። ለዚህ ነው አዳዲሶቹ ሞተሮች ፊታቸው ሰፍቶ ብዙ አየር በዝግታ የሚገፉት። ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈቃድ የሚጠየቅለት አዲስ የጄት ንድፍ በሦስት ነጥብ ተለክቶ ድምሩ ከቀድሞው ደረጃ በ10 ዲሲቤል ማነስ አለበት፤ ከ2017 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ ለትልልቆቹ በ17። ድምሩ የሦስት ነጥብ ስለሆነ በአንዱ ነጥብ ላይ ልዩነቱ ከዚያ ያነሰ ነው።

ወደ ጎንደር የሚመላለሰው ባለ ፕሮፔለሩ ዳሽ 8 ኪው 400 ለብቻው ሊታይ ይገባል። «ኪው» የሚለው ፊደል ጸጥታን ያመለክታል፤ ጸጥታው ግን ለተሳፋሪው ነው፣ ጓዳው ውስጥ ንዝረትን የሚያጠፋ መሣሪያ ስላለው። ውጭ ያለው ሰው የሚሰማው ስድስት ክንፍ ያለው ፕሮፔለር በደቂቃ 1,020 ጊዜ ሲዞር የሚፈጥረውን ምት ነው። ስድስት በ1,020፣ ሲካፈል ለ60፣ በሰከንድ 102 ምት ይሆናል። ይህ ወፍራም ድምፅ ነው። ወፍራም ድምፅ ቀላል ነገርን ሁሉ ሰብሮ ይገባል፣ ቆርቆሮንም ያርገበግባል። የእርስዎ ጣሪያ የሚንቀጠቀጠው በዚህ ነው፤ ስለ ቤት ስንነጋገር እንመለስበታለን።

የጎንደር ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። ማረፊያው ከባህር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ከባህር ጠለሉ በ18 በመቶ ገደማ ይሳሳል፤ ሞተርም ክንፍም ጉልበታቸው ይቀንሳል፣ አውሮፕላኑ ለመነሣት 10 በመቶ ያህል ተጨማሪ ፍጥነት በመሬት ላይ ይፈልጋል። በ25 ዲግሪ ከሰዓት ላይ አየሩ 2,800 ሜትር ላይ እንዳለ አየር ይሆናል። ውጤቱ ረጅም መንደርደርና ዝግ ያለ አወጣጥ ነው፤ አውሮፕላኑ በባህር ጠለል ከፍታ ላይ ካለ ማረፊያ ሲነሣ ከሚያልፍበት ዝቅ ብሎ በራስዎ ላይ ያልፋል። ስለዚህ ጭነት የበዛበትን በረራ በጠዋቱ ብርድ ማድረግ ለአወጣጡ ይጠቅማል።

አሁን ወደ አነሣስ ሥርዓት። ኢካኦ ሁለት ዓይነት የድምፅ መቀነሻ አነሣስ አስቀምጧል። በመጀመሪያው አብራሪው ቢያንስ 240 ሜትር ላይ የሞተሩን ጉልበት ይቀንስና ፍጥነት ሳይጨምር እስከ 900 ሜትር ይወጣል፤ ፍላፑን (ለመነሣት ከክንፉ ኋላ የሚዘረጋውን ክፍል) የሚሰበስበው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ለማረፊያው ቅርብ የሆነውን ሰፈር ያግዛል። በሁለተኛው ከ240 ሜትር ጀምሮ አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ፍላፑን እየሰበሰበ ይፈጥናል፤ ይህ ራቅ ያለውን ሰፈር ያግዛል። ሁለቱም ከ240 ሜትር በታች ጉልበት መቀነስን አይፈቅዱም፤ የደኅንነት ጉዳይ ስለሆነ ሊነካ የማይገባ ወለል ነው። አውሮፕላኑ ከመንደርደሪያው ጫፍ 800 ሜትር ቀድሞ ተነሥቶ በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር ቢወጣ፣ እርስዎ ቤት ላይ ሲደርስ ከፍታው 224 ሜትር ነው። ጉልበት መቀነስ የሚፈቀድበት ከፍታ ላይ ገና አልደረሰም። ስለዚህ «አብራሪው ጉልበት ይቀንስልን» የሚለው ጥያቄ ለእርስዎ ቤት መልስ የለውም፤ ከእርስዎ በስተሰሜን ላለው ሰፈር ግን አለው።

መልስ ያለው አቅጣጫው ላይ ነው። መንደርደሪያው ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ ነው። በሰሜን አዘዞ አለ፣ መሬቱም ወደ ጎንደር ከተማ ከፍ እያለ ይሄዳል። በደቡብ የደንቢያ ሜዳና ከዚያም ጣና ነው። አውሮፕላኑ ወደ ደቡብ ቢነሣ ጉዞውን የሚጀምረው ከእርስዎ ቤት 2 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ መሬት ላይ፣ እየራቀ ነው። በ224 ሜትር ከራስዎ ላይ ከማለፍ ጋር ሲነጻጸር ርቀቱ ዘጠኝ እጥፍ ሆነ፤ በርቀት ብቻ 19 ዲሲቤል ገደማ ይወርዳል። ይህ ለጆሮ ወደ ሩብ የሚጠጋ ቅናሽ ነው። ከደቡብ መጥቶ ወደ ሰሜን ሲያርፍም ከአዘዞ በላይ ጭራሽ አያልፍም። አዲስ አበባም በደቡብ ስለሆነች ለመስመሩም ይመቻል። መጪውና ሂያጁ ፊት ለፊት የሚጠቀሙበት ሥርዓት ስለሆነ በየደቂቃው አውሮፕላን የሚያስተናግድ ማረፊያ በቀላሉ አያደርገውም፤ በቀን ጥቂት በረራ ያለው ግን አንዱ እስኪያልፍ አንዱን ማስጠበቅ ይችላል። ጥቂት በረራ በአማካዩ ስሌት ላይ ቢጎዳዎም እዚህ ላይ ይጠቅምዎታል።

ገደቡ ነፋስ ነው። በኢካኦ መመሪያ፣ ለድምፅ ብሎ አቅጣጫ መምረጥ የሚቻለው የኋላ ነፋስ ከ5 ኖት (በሰዓት 9 ኪ.ሜ)፣ የጎን ነፋስ ከ15 ኖት (28 ኪ.ሜ) ካልበለጠ ነው፤ ሽውታውም ይቆጠራል። መንደርደሪያው ውኃ ወይም ጭቃ ከያዘ፣ እይታ ከ1,900 ሜትር ካነሰ፣ ነጎድጓድ ካለ ድምፅ ምክንያት መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ በክረምት ከሰዓት በኋላ ብዙ ቀን አይሠራም፤ በበጋ ጠዋት ነፋሱ ለስለስ ሲል ብዙ ቀን ይሠራል። የኋላ ነፋስ መንደርደሩን ስለሚያስረዝም በዚህ ከፍታ ጭነት ሊያስቀንስ ይችላል፤ ውሳኔው የአብራሪው ነው፣ በዚህም ላይ ማንም ሊጫነው አይገባም። የነዋሪው ጥያቄ ሊሆን የሚገባው ምርጫው በጽሑፍ እንዲሰፍር ነው። አገሮች ሁሉ ለአብራሪዎች በሚያሳትሙት የበረራ መረጃ መጽሐፍ ውስጥ ለየማረፊያው 2.21 ቁጥር የተሰጠው ክፍል ለድምፅ መቀነሻ ሥርዓት የተተወ ነው። እዚያ ያልተጻፈ ነገር ዛሬ ያለው ተቆጣጣሪ በደግነቱ ቢያደርገውም ነገ ሌላ ሲመጣ ይቀራል።

ወደ ሰሜን ማረፍ አንድ ጉድለት አለው። አውሮፕላኑ ፍጥነቱን የሚገታው ወደ እርስዎ እየቀረበ ነው፤ ጄት ሲሆን የሞተሩን አየር ወደ ፊት ይገፋል፣ ባለ ፕሮፔለር ሲሆን የፕሮፔለሩን ክንፍ አዙሮ ያጮኻል። ብዙ ኤርፖርቶች መንደርደሪያው ደረቅና በቂ ርዝመት ያለው ሲሆን ይህን ግፊት በዝቅተኛው ጉልበት ብቻ እንዲጠቀሙ ይጠይቃሉ። እርጥብ ሲሆን አይጠየቅም።

ስለ ማረፊያ ማዕዘን ብዙ ስለሚወራ ላስላልዎ። የተለመደው 3 ዲግሪ ነው። ከመንደርደሪያው 4 ኪሎ ሜትር ላይ አውሮፕላኑ 225 ሜትር ከፍታ ላይ ይሆናል። አንዳንድ ትልልቅ ኤርፖርቶች የሞከሩት 3.2 ዲግሪ ሲሆን 239 ሜትር ይሆናል። የ14 ሜትር ልዩነት ግማሽ ዲሲቤል ነው፤ ማንም አይሰማውም። ለንደን ሲቲ 5.5 ዲግሪ የሚጠቀመው ልዩ ፈቃድ ባላቸው አውሮፕላኖች ነው። የማረፊያውን ነጥብ 500 ሜትር ወደ ውስጥ መግፋትም ከመንደርደሪያው 2 ኪሎ ሜትር ላይ ላለ ቤት ከ2 ዲሲቤል በታች ነው የሚሰጠው፤ በዚህ ከፍታ ላይ ደግሞ ያን ያህል መንደርደሪያ መስጠት ከባድ ነው። የሚሻለው ሳይቆራረጥ በአንድ ወጥ ቁልቁለት መውረድ ነው። አውሮፕላን በደረጃ ሲወርድ በየደረጃው ቀጥ ብሎ ለመብረር ጉልበት ይጨምራል፣ ያን ጊዜ ይጮኻል። ጥቅሙ ግን ከ15 ኪሎ ሜትር ወዲያ ላለው ሰው ነው፤ የመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች በሁለቱም ሥርዓት አንድ ናቸው።

መሬት ላይ ያለው ድምፅ ሌላ ነገር ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ብርድ ንጋት ላይ መሬቱ ስለሚቀዘቅዝ ከታች ያለው አየር ከላይኛው ይበርዳል፤ ድምፅ ወደ ላይ መበተኑን ትቶ ወደ መሬት ይታጠፋል። በእኩለ ቀን የማይሰማ ሞተር ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ኪሎ ሜትሮችን አቋርጦ የሚሰማው በዚህ ነው። ስለዚህ ለጥገና የሚደረግ የሞተር ሙከራ በንጋትና በማታ መደረግ የለበትም፤ ሲደረግም አፍንጫው ወደ ነፋሱ ሆኖ ከሰፈሩ በራቀው የማቆሚያ ጫፍ ቢሆን ይሻላል። የቆመ አውሮፕላን ለመብራትና ለአየር ሲል ጭራው ውስጥ ያለችውን ትንሽ ሞተር ያስጮኻል። ከመሬት መብራት ከተሰጠው ያጠፋታል፤ ጄቶቹ የሚወስዱት 115 ቮልት በ400 ኸርዝ ነው፣ ለትንንሾቹ 28 ቮልት ቀጥተኛ መብራት ይበቃል። ችግሩ መብራቱ ከናፍጣ ጄኔሬተር የሚመጣ ከሆነ አንዱን ጩኸት በሌላ መተካት ነው። መደበኛው መስመር ተስቦ ጄኔሬተሩ ለመጠባበቂያ ብቻ ቢሆን፣ እሱም ከሰፈሩ ባሻገር በግንብ ከለላ ውስጥ ቢቀመጥ ነው የሚረዳው።

አሁን ባህር ዛፉ። ጥቅጥቅ ያለ፣ ከሥር እስከ ጫፍ ቅጠል የለበሰ 30 ሜትር ስፋት ያለው ደን መሬት ላይ የሚጓዝን ድምፅ ቢበዛ 5 ዲሲቤል ይቀንሳል። ባህር ዛፍ ከታች ግንዱ ራቁቱን ስለሆነ ከዚያ ያነሰ ነው። ከላይ ለሚመጣ ድምፅ ደግሞ ምንም አያደርግም፤ በቤትዎና በአውሮፕላኑ መካከል የለማ። በዚያ ላይ አደጋ ነው። ከመንደርደሪያው 60 ሜትር ወጣ ብሎ የሚጀምር፣ በየ50 ሜትሩ 1 ሜትር የሚነሣ በዓይን የማይታይ ወለል አለ፤ ምንም ነገር እሱን ማለፍ የለበትም። ከጫፉ አንድ ኪሎ ሜትር ላይ የተፈቀደው ከፍታ 19 ሜትር ገደማ ነው። ባህር ዛፍ በጥቂት ዓመት ያን ያልፋል፤ መሬቱ ከመንደርደሪያው ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ ቀድሞ ያልፋል። ሲያልፍ ወይ ይቆረጣል፣ ወይ አብራሪው ጭነት ይቀንሳል። አጥር ግንብም እንዲሁ ነው፤ 3 ሜትር ግንብ መሬት ላይ ካለ ሞተር ይጋርዳል፣ አውሮፕላኑ ከግንቡ በላይ ከወጣ በኋላ ግን ምንም አይረባም። አምስተርዳም ስኪፖል አጠገብ በ2013 እ.ኤ.አ. የተሠራው የመናፈሻ ትልም፣ አፈሩን እንደ እርሻ ትልም በተርታ አቁሞ የመሬት ድምፅን ለመበተን የታሰበ ነው። እሱም የሚረዳው መሬት ላይ ለሚንደረደር አውሮፕላን ብቻ ነው።

በእኔ ግምት ከሁሉ የሚበልጠው መላ መሬቱ ነው፤ ለጎንደርም ጊዜው አሁን ነው። ቦሌ ሲሠራ ከአዲስ አበባ ዳር ነበር፤ ከተማው ሄዶ ከበበው። ዛሬ እዚያ አንድ ዲሲቤል ለመቀነስ የሚወጣው ወጪ ብዙ ነው። የጎንደር ማረፊያ ከከተማው 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ደቡባዊ ጫፉ አሁንም እርሻ ነው። ጤፍና ሽምብራ በድምፅ አይጎዱም። ከሁለቱም የመንደርደሪያ ጫፎች ቀጥታ መስመር ላይ መጋዘን፣ ጋራዥ፣ የእንጨትና የብረት ሥራ፣ እርሻ ቢሆን ማንም አይቸገርም። ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና መኖሪያ ግን ወደ ጎን ይውጡ። ከመስመሩ አንድ ኪሎ ሜትር ወደ ጎን መውጣት ማለት ከ224 ሜትር ይልቅ ከ1,000 ሜትር በላይ መራቅ ነው፤ በርቀት ብቻ 13 ዲሲቤል። አዲስ ቦታ ለሚመራ ሰው ይህ ዋጋ አያስወጣም፤ ቤቱ ከተሠራ በኋላ ግን በምንም ገንዘብ አይገኝም። ቄራና የቆሻሻ መጣያም እዚያ መምጣት የለባቸውም፤ ድምፅ ባይሆንም አሞራ ይጠራሉ፣ አሞራ ደግሞ ለሞተር ጠላት ነው። መንደርደሪያ ሊረዝም ወይም ተርሚናል ሊሰፋ ሲታሰብ በአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ሪፖርቱ ለሕዝብ አስተያየት መቅረብ አለበት፤ ያን ዕለት መገኘት ነው።

አሁን ወደ ቤትዎ እንግባ፤ ዛሬ በእጅዎ ያለው እሱ ነው። ግድግዳዎ የጭቃ ከሆነ ጥሩ ነው። 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የጭቃ ግድግዳ በካሬ ሜትር ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ቆርቆሮው በካሬ ከ2 እስከ 4 ኪሎ ነው። ድምፅን የሚያቆመው ክብደት ነው፤ ክብደት እጥፍ በሆነ ቁጥር 5 ወይም 6 ዲሲቤል ይቀንሳል። ስለዚህ ድምፁ የሚገባው በጣሪያው ነው፤ መስኮት ቀይረው ጣሪያውን ከተዉት ገንዘብዎ ባከነ።

ከጣሪያው ጋር ሌላው ቀዳዳ ግድግዳው ጫፍና ቆርቆሮው መካከል ያለው ክፍተት ነው። ቀዳዳው ከጠቅላላው ስፋት 1 በመቶ ከሆነ የቀረው ብረት ቢሆን እንኳ የሚቆመው ከ20 ዲሲቤል አይበልጥም፤ 10 በመቶ ከሆነ 10 ብቻ። ስለዚህ መጀመሪያ ያን በጭቃና በድንጋይ ይድፈኑት። ዋጋው የእጅ ሥራ ነው። ቀጥሎ ርግብግቡን ያስቁሙ፤ የላሉ ሚስማሮችን ነቅለው ላስቲክ ሮንዴላ ባለው የቆርቆሮ ሚስማር ይተኩ፣ ቆርቆሮው በሞራሌው ላይ በሚያርፍበት መስመር የመኪና ካላማዳሪ ቁራጭ ያንጥፉ፣ ሞራሌዎቹ ተራርቀው ከሆነ መካከል አንድ ይጨምሩ። ይህ ድምፁን በብዙ ባይቀንስም ሕፃኑን የሚያባንነውን ኳኳታ ያቆማል።

ከዚያ ኮርኒስ። ማዳበሪያ ከረጢት ወይም አቡጀዲ የተወጠረበት ኮርኒስ አቧራ ይይዛል እንጂ ድምፅ አይይዝም። ነጭ ፎምና የእንቁላል ካርቶንም እንዲሁ፤ ቀላል ስለሆኑ 102 ምት ያለው የፕሮፔለር ድምፅ እንዳሉም አይቆጥራቸውም። የሚሠራው ከባድ ነገር ነው። 12.5 ሚሊ ሜትር ጂፕሰም ቦርድ በካሬ 9 ኪሎ ይመዝናል፤ 8 ሚሊ ቺፑድ 5 ኪሎ ተኩል ገደማ። 4 በ5 ሜትር ለሆነ ክፍል 1.2 በ2.4 የሆነ ጂፕሰም ቦርድ ለአንድ ድርብ 8 ይበቃል፣ ለሁለት ድርብ 16። ሁለት ድርብ 360 ኪሎ ስለሚሆን በጣሪያው ማዋቀሪያ ላይ አይስቀሉት፤ ግድግዳ ላይ በሚያርፉ፣ በየ60 ሳንቲ ሜትሩ በተደረደሩ አግዳሚዎች ይሁን። አግዳሚዎቹ ከቆርቆሮው ማዋቀሪያ ጋር ባይነካኩ ይሻላል፤ ከተነካኩ ንዝረቱ በእንጨቱ ይወርዳል። የሁለተኛው ድርብ መገጣጠሚያ ከመጀመሪያው ላይ አይግጠም፤ ዳር ዳሩን በጂፕሰም ይድፈኑ። ከኮርኒሱ በላይ የድንጋይ ወይም የመስታወት ሱፍ 5 ሳንቲ ሜትር ቢያንጥፉ ጥሩ ነው። ካልተገኘ ባዶውን ይተዉት፤ ጭድ አይጨምሩ፣ አይጥና እሳት ይጠራል።

ገንዘብ ካጠረ የአገራችን ቆጥ አለ። በወፍራም እንጨት ላይ ሸምበቆ ተደርድሮ 3 ሳንቲ ሜትር ጭቃ ሲለሰን በካሬ 48 ኪሎ ይመጣል፤ ከሁለት ድርብ ጂፕሰም ሁለት እጥፍ ተኩል ይከብዳል፣ ለወፍራም ድምፅ ደግሞ የሚሻል የለም። ለ9 ካሬ መኝታ ክፍል 430 ኪሎ ነው። ለሙሉ ቤት አልመክርም፤ ሕፃኑ ለሚተኛበት አንድ ክፍል ግን አናጢ እንጨቱን አይቶ ካጸደቀ በቂ ነው።

የላሜራ መስኮትና በር ክብደታቸው አያንስም፤ ችግሩ ክፍተት ነው። 1 በ1.2 ሜትር በሆነ መስኮት ዙሪያ 3 ሚሊ ክፍተት ካለ ስፋቱ ከ1 በመቶ አለፈ፤ ከላይ ያልነው 20 ዲሲቤል ላይ ቆመ። ዙሪያውን ላስቲክ ይለጥፉ፣ ከበሩ ሥር መድረክ ያስገቡ። መስታወት ካስገቡ አንዱ 4 ሚሊ፣ ሁለተኛው 6 ሚሊ፣ መካከላቸው 10 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ እኩል ውፍረት ካላቸው በአንድ ድምፅ ላይ አብረው ይንቀጠቀጣሉ። ይህ ሁሉ በደንብ ከተሠራ ክፍሉ ውስጥ ያለው ድምፅ ከ10 ዲሲቤል በላይ ሊወርድ ይችላል።

እዚህ ላይ አደራ አለኝ። በታሸገ ክፍል ከሰል አይነድም። ቡና ሲፈላም ሆነ ለሙቀት ምድጃ ሲገባ ከሰሉ የሚያወጣው ሽታ የሌለው መርዝ ቤተሰብ ይገድላል። ምድጃው ክፍተቱ ወዳልተደፈነው ክፍል ወይም ወደ ውጭ ይውጣ፤ ለመኝታ ክፍሉም ከማረፊያው ተቃራኒ በሆነው ግድግዳ ላይ ሁለት ጊዜ የታጠፈ የአየር መተላለፊያ ይተዉ።

ቅሬታ ለማቅረብ መዝገብ ያስፈልጋል፤ አራት ሳምንት ይበቃል። ለየበረራው ቀን፣ ሰዓት፣ መነሣት ወይም ማረፍ፣ ወደ የት አቅጣጫ፣ ጄት ወይም ፕሮፔለር ብለው ይጻፉ። የስልክ መለኪያ በ5 ዲሲቤልና ከዚያ በላይ ሊሳሳት ስለሚችል ቁጥሩን እንደ ማስረጃ አያቅርቡ፤ በአንድ ስልክ በርካታ በረራዎችን ደጅና ቤት ውስጥ እያፈራረቁ ለክተው የአማካዮቹን ልዩነት ለማየት ግን ይሆናል፤ ኮርኒሱ ምን ያህል እንደሠራ የሚያውቁትም በዚህ ነው። ትክክለኛው ልኬት ማይክሮፎኑ ከመሬት 6 ሜትር ከፍ ብሎ ነው የሚሠራው፤ ያን እንዲያደርጉ ማረፊያውንና የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን ይጠይቁ፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ለድምፅ ደረጃ መሠረት ስለሆነ ደብዳቤው ላይ ይጥቀሱት። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ቢፈርምበት ክብደት ይጨምራል፤ ከበረራው መርሐ ግብር ጋር የሚጋጩትን ክፍለ ጊዜያትም እሱ ያውቃል።

በመዝገቡ ላይ አንድ ዓምድ ለነፋስ ይተዉ። በእያንዳንዱ በረራ ሰዓት ጭሱ ወይም የባንዲራው ጨርቅ ወደ የት እንደዞረ፣ ቅጠል ብቻ ይነቃነቅ እንደሆነ ወይም ቅርንጫፍም ይወዛወዝ እንደሆነ ይጻፉ። ነፋሱ ቅጠል ብቻ ሲያነቃንቅ ወደ ሰሜን የተነሣ በረራ ካለ፣ አቅጣጫው በጽሑፍ እንዲሰፍር ለሚያቀርቡት ጥያቄ ዋናው ማስረጃዎ እሱ መስመር ነው።